ካናቴራውና ድንጋዩ

በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከፌዴራል ፖሊስ ማሠልጠኛዎችና ከወታደራዊ ካምፖች «የተሐድሶ ሥልጠና ጨርሰው» የወጡ ወጣቶች በቴሌቪዥን ሲታዩ፣ በለበሱት ካናቴራ ላይ አንድ ቃል ታትሞ ነበር፤ «አይደገምም»። ከተያዙባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ክልል ውስጥ ያለው የአዋሽ ሰባት ማሠልጠኛ ነው። የታሰሩት በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲሆን፣ በአዋጁ ዘመን የተያዘው ሰው ብዛት መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር ከ20 ሺሕ ይበልጣል።

ይህን ቃል የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ከሐውልት ነው። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ለጎብኚው የሚለው በአጭሩ ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም አይሁን። ልዩነቱ ተናጋሪው ላይ ነው። በመታሰቢያው ቃሉን የሚናገሩት ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም መንግሥት ለሚባል ነገር ሁሉ ነው። በካናቴራው ላይ ግን የታሰረው ለአሳሪው ይምላል። አንድ ቃል ከድንጋይ ወደ ጨርቅ ሲዛወር ተበዳዩ ጥፋተኛ ሆኖ ቁጭ አለ።

ድንጋዩን ካነሳን ደግሞ፣ ስለ ዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። በሌላው ዓለም ፖሊስ ወታደር መምሰሉን፣ ወጣቱም በስልኩ መታገሉን ቀራፂዎች በብረትና በጂፕሰም ሲያሳዩ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ ለምን አደባባይ ላይ አይታይም? ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አንደኛው ቀራፂው ፈርቶ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ፌስቡክና ቲክቶክ እያሉ ሐውልት ለምኔ ይላል። ሁለቱም መልሶች ጥያቄውን ስተውታል። የታጠቀ ኃይል ሰላማዊ ሰው ሲገድል የሚያሳይ ሐውልት ኢትዮጵያ ውስጥ ሞልቷል፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የጎደለውን ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ የሚዘረጋው መንገድ ይሻላል።

የወደቀ ብቻ የሚከሰስበት አደባባይ

ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ የሁለት ዩጎዝላቭ ቀራፂዎች፣ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። በነሐስ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚታየው ጦርነት አይደለም። የታጠቀ ሰው ያልታጠቀውን ሲገድል ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም የሚያስታውሰው በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት የተደበደቡ አንድ ጳጳስን ነው። የቀይ ሽብሩን ጨምሩበት፤ የአገሪቱ ዋና ከተማ የጥይትን ታሪክ በድንጋይና በነሐስ ስትናገር ኖራለች። ፍርሃት ብቻውን ይህን አይገልጸውም።

ሐውልቶቹ የሚከሱት ማንን እንደሆነ ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል። የየካቲት 12ቱ የተባረረውን ፋሺስት ይከሳል፤ የቀይ ሽብሩ የወደቀውን ደርግ። የሌኒን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ የተገረሰሰው ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም አልነካውም። ሐውልት በኢትዮጵያ የሚከሰው ሥልጣን የለቀቀን ነው። በወንበሩ ላይ ያለው ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ ሆኖ አያውቅም፤ መሬቱን የሚሰጠው፣ ነሐሱን የሚገዛው፣ መጋረጃውን የሚገልጠውም እሱ ራሱ ነውና።

በ2006 ዓ.ም. የሆነውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነገሩን ያጠራዋል። በአርሲ ሄጦሳ፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ የሚያሳየው የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ፤ የሚከሰውም የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የምኒልክ ጦር ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። እነሱ የሚጽፉት ስለ ራሳቸው ዘመን ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረ ወታደር በሲሚንቶ መናገር የመንግሥት በጀት ተመድቦለታል፤ ዛሬ ስላለ ፖሊስ በኮምፒውተር መናገር ወኅኒ ያስወርዳል። ስለ አኖሌ እውነትነት ፌስቡክ ላይ ዓመታት የፈጀው ጭቅጭቅ ይህን ንጽጽር ሙሉ በሙሉ ውጦታል።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ ለፋሺስቱ የጦር አዛዥ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ፣ በውጭም በአገር ውስጥም ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢንተርኔት ተጠራርተው ተቃወሙ። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ይህንኑ ለመቃወም ስድስት ኪሎ የተሰበሰቡትን ሰዎች የአዲስ አበባ ፖሊስ አፍሶ ወሰዳቸው፤ የሰማያዊ ፓርቲው ሊቀ መንበር ይልቃል ጌትነት ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የገዳይን ሐውልት የሚቃወም ሰው በተገዳዮቹ ሐውልት ሥር ሲታፈስ፣ ሰሌዳዎቹ ከላይ ያያሉ። ለዚያ ቀን ሌላ ቅርጽ መሥራት አያስፈልግም ነበር፤ ሰሌዳው ራሱ በቂ ነው።

ስለዚህ «ፈሪ ቀራፂ» የሚለው ነገር አያስኬድም። ችሎታውም አለ። በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሐውልት የሠራው በቀለ መኮንን የዘመናዊው ጥበብ ሰው ነው። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚለቃቅመውን የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለቀለም ሽቦ በምስማር እየገጠመ፣ እየጎነጎነ «ታይትሮፕ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው የዓለምን ሙዚየሞች አዳርሷል። የምንነካካው ስልክ ሆድ ዕቃው ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ ያሳየ የለም። ሆኖም የኤልያስ ሥራ የሚታየው በሙዚየም ግድግዳ ላይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚነዳ የተሳቢ ሾፌር አያገኘውም።

ኦራል፣ አድማ በታኝና ስልክ

ፖሊስ ወታደር መሰለ ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ልብሱን ነው። ዝጉርጉሩ፣ የራስ ቁሩ፣ አድማ በታኙ በኦራል ተጭኖ ሲያልፍ። ልብሱ ግን የነገሩ ቅጠል ነው፤ ሥሩ ሕጉና አደረጃጀቱ ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች የሰጠው ፖሊስ የማቋቋም ሥልጣን ነው። በሶማሌ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ «ልዩ ፖሊስ» የተባለው ኃይል ሲደራጅ ግን የተሰጠው ሥራ አማፂ መዋጋት ነበር። ሌሎቹ ክልሎች ተከተሉ፤ አፋርም ልዩ ኃይል አቋቋመ። በስም ፖሊስ፣ በትጥቅ እግረኛ ጦር የሆነው ይህ አደረጃጀት ፈርሶ ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ እንዲገባ የፌዴራሉ መንግሥት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያስታውቅ፣ የአማራ ክልል ከተሞች በተቃውሞ ተናጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በዚያ አዋጅ የተያዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች የተወሰዱት ወደ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ነው።

አዋሽ ሰባት በ2009፣ አዋሽ አርባ በ2015። ስሙን ሲሰማ ሙቀቱን፣ ፓርኩንና የድሮውን የባቡር ጣቢያ ያስታውስ የነበረ የአዲስ አበባ ሰው አሁን ሌላ ነገር ያስታውሳል።

ይኸው መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሌላው ገጽታ ይመጣል። በአዳይቱ፣ በእንዱፎና በገዳማይቱ የይገባኛል ጥያቄ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ በተከሰተው ግጭት የአፋር ፖሊስ ባለሥልጣን ወደ 100 ሰዎች መገደላቸውን ተናግረው የሶማሌን ልዩ ኃይል ከሰሱ፤ የሶማሌ ክልልም በፊናው የራሱን ሟቾች ቆጥሮ የአፋርን ልዩ ኃይል ከሰሰ። ፖሊስ የሚባለው ነገር የጎረቤት ክልልን ሰው በመግደል ሲከሰስ፣ ስለ ልብሱ ማውራት ቀልድ ይሆናል።

ስልኩ በዚህ ሁሉ መካከል ምን ሠራ? ብዙ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ማራቶን ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ምልክቱ ከዚያ በፊት በኦሮሚያ ሰልፎች የነበረ ነው፤ ዓለም ያየው ግን ያን ቀን በቴሌቪዥንና በስልክ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት መመሪያ እጅን እንዲያ አጣምሮ ማሳየትን ከለከለ። የአንድን መንግሥት መመሪያ የሰው እጅ አቀማመጥ እስኪወስን ያደረሰው ምን ነበር ቢባል፣ ፈይሳ በገዛ ገላው ቅርጽ ስለሠራ ነው። ነሐስ አላስፈለገውም፤ የመሬት ምሪትም አልጠየቀም። እያንዳንዱ የፕሮፋይል ፎቶ ደግሞ የዚያ ቅርጽ ቅጂ ሆነ።

ስለዚህ ስልክና ሐውልት ጠላቶች ናቸው የሚለው አስተሳሰብም አይሠራም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተቃዋሚዎች የጋዝ ጭንብል ያጠለቀች፣ የራስ ቁር የደፋች፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ቅርጽ አቆሙ። ምን ትምሰል የሚለውን የወሰኑት በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥተው ነው፤ ገንዘቡንም በዚያው አዋጡ። በጥቅምት ወር ተሸክመዋት ላየን ሮክ የተባለው ተራራ ጫፍ ላይ አወጧት፤ በማግሥቱ ቀይ ቀለም ተደፍቶባት፣ ተሰባብራ ተገኘች። በብሪስቶል የባሪያ ነጋዴው የኮልስተን ሐውልት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ላይ ሲገረሰስ፣ ማርክ ክዊን የተባለው ቀራፂ በባዶው መቆሚያ ላይ ተቃዋሚዋን ጄን ሪድን እጇን ጨብጣ እንደቆመች ቀርጾ በሌሊት አቆመ፤ ከተማው ከአንድ ቀን በላይ አላቆያትም። ሁለቱም ሥራዎች የተወለዱት ከስልክ፣ የሚኖሩትም በስልክ ነው። ድንጋይ የሚያደርገውን ግን አላደረጉም፤ አልቆዩም፤ ማን እንደሞተም አልቆጠሩም።

መቁጠሩ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ይወድቃል። አንዱ ገጽ 30 ሲል ሌላው 300 ይላል። ከሌላ አገር የተወሰደ የሬሳ ፎቶ ዛሬ አፋር ነው ተብሎ፣ ነገ ወለጋ ነው ተብሎ ይዞራል። በዚህ መካከል እውነተኛው ሟች ይጠፋል። መንግሥትም በሁለት በኩል ይመታል፤ በሕግ፣ በ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅና በ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፤ በመዝጊያ ደግሞ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ለሦስት ሳምንታት ገደማ እንዳደረገው ኢንተርኔቱን በማቋረጥ። የሟች ቁጥር የሚያስፈልገው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነበር።

ዳጉና ዳስ

አፋር ለዚህ የመቁጠር ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ከማን ሰማህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ። ያዩትን ካዩት፣ የሰሙትን ከሰሙት ለይተው ይናገራሉ፤ የሰሙት ከሆነ ከማን እንደሆነ ይጠቅሳሉ። የሐሰት ወሬ ያመጣ ሰው በጎሳው ዘንድ ይዋረዳል፤ ቃሉ ከዚያ ወዲያ አይቆጠርለትም። ዳጉ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው ብሎ መናገር አሁን አሁን የተለመደ ሆኗል፤ ነገር ግን ፌስቡክ የሌለውን ነገር መርሳት አይገባም። በዳጉ ሼር ያደረገ ሰው ይጠየቃል።

ሁለተኛው ነገር ድንጋይ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ወንዙን እስከ መጨረሻው ሲከተል፣ በመንገዱ ላይ የአፋር ጀግኖች መታሰቢያ የሆኑ የድንጋይ ሥራዎችን ብዙ ጊዜ አይቶ ስማቸውን «ዳስ» ብሎ መዝግቧል። (አማርኛውም ለለቅሶ ዳስ ይጥላል፤ አንድ ስም ለሁለት የኀዘን ቤት ገጠመ።) ከመታሰቢያው ፊት በተርታ የተተከሉ ድንጋዮች ነበሩ። እያንዳንዱ ቀጥ ያለ ድንጋይ ሟቹ በሕይወቱ የገደለው አንድ ሰው ነው። መንገደኛው ቆጥሮ ያልፋል።

አፋር በዚህ ብቻውን አይደለም። የኮንሶ ዋካዎች ጀግናውን ከሚስቶቹና ከገደላቸው ጠላቶች ጋር በእንጨት ያቆሙታል። በጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎችም የግዳይ ቁጥር ናቸው የሚል ግምት አለ። ወደ አደባባይ ከመጣው ፈረሰኛ ሐውልት በፊት የነበረው የአገሬው ቅርጽ ቆጣሪ ነበር ማለት ነው። ምኒልክን በፈረስ ላይ ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሐርትል ነው፤ አደዋ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ከዚያ ፈረስ ላይ ማንበብ አይቻልም።

የዳሱ ድንጋይ ግን ዛሬ እንደነበረ ሊወሰድ አይችልም፤ የሚያወድሰው ገዳዩን ነውና። የተገደሉት ለገዳዩ ክብር ጥርብ ሆነው ይቆማሉ። የዚህ ሐተታ አቋም ቅርጹን ይዞ ትርጉሙን መገልበጥ ነው። በአዋሽና በሰመራ መካከል ባለው ወደ 360 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ ዳር፣ በፖሊስ፣ በልዩ ኃይልና በግጭት ለሞተ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድንጋይ፤ መሃሉ ላይ ግን የሚወደስ ጀግና የሌለበት ባዶ ዳስ። ቁጥሩ እንደ ዳጉ የሚጣራ፣ ያመጣው ሰው በስሙ የሚጠየቅበት። ይህን መትከል የሚችሉት ቀራፂና የጎሳ ሽማግሌዎች አብረው እንጂ የባህል ቢሮ ጨረታ አይደለም።

ድንጋይ ከሚተከልላቸው መካከል በልብስ የተለዩት መኖር አለባቸው ሲባል ብዙ አንባቢ ይቆጣ ይሆናል። አድማ በታኝ ሆኖ በድንጋይ የተመታው፣ ልዩ ኃይል ሆኖ ባላወቀው ድንበር የወደቀው የአርብቶ አደር ልጅም ይቆጠራል። ወታደር የመሰለው ፖሊስ ከሰማይ አልወረደም፤ ሥራ ያጣው የአዋሽ፣ የገዋኔ፣ የጅግጅጋና የደሴ ልጅ ነው። ዝጉርጉር የለበሰውን ከተርታው ያወጣ መታሰቢያ ከአኖሌ የሚለየው በዘመኑ ብቻ ይሆናል።

«ቁስል አትንኩ»

ከሁሉም ተቃውሞዎች የሚከብደው ይህ ነው፤ ገና ባልደረቀ ቁስል ላይ ሐውልት መትከል በቀል ይጠራል። ማስረጃውም ከባድ ነው። ሃጫሉ በተገደለ ማግሥት የራስ መኮንን ሐውልት ሐረር ላይ ተገረሰሰ፤ በዚያው ሰሞን በለንደን ዊምብልደን ሒልዳ ሰሊግማን የሠራችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የደረት ሐውልት በተቃዋሚዎች ተሰበረ። ሐውልት ባለበት መዶሻ ይመጣል ማለት ነው። አፋር ውስጥ ደግሞ የደም ዕዳ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም፤ ጎሳ ለጎሳ የሚቆጥረው ነው። ድንጋይ ተርታ ማቆም ዕዳውን በጽሑፍ ማኖር ነው የሚል ሰው ሞኝ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሐረር ላይም ዊምብልደን ላይም የተገረሰሰው የአንድ ሰው ምስል ነው። ንጉሥን ወይም የንጉሥ አባትን የሚያሳይ ሐውልት የሆነ ወገን የራሴ፣ ሌላው የጠላቴ እንዲለው ሆኖ የተሠራ ነው። ያልተጻፈበት፣ ብሔር የሌለው፣ አንዱ ከሌላው የማይበልጥ ድንጋይ ለመዶሻ የሚመች ምልክት አይሰጥም። ዕዳውን በተመለከተ ደግሞ በቀል የሚመጣው ከቁጥር ብቻ አይደለም፤ ካልተቆጠረውም ይመጣል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አፋር ውስጥ ጋሊኮማ ላይ የተጠለሉ ተፈናቃዮች ሲገደሉ፣ ዩኒሴፍ ከ100 በላይ ሕፃናትን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸው እንደተነገረ ገለጸ፤ የተከሰሰው ወገን ካደ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር በየሰው አፍ ነው የሚኖረው፤ በየሰው አፍ ያለ ቁጥር ደግሞ ይወፍራል።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል። ገዳዩን የማይጠራ መታሰቢያ ገዳዩን ነፃ ያወጣል ይባላል። ይህ እውነት አለው። «በግጭት ለሞቱ ወገኖቻችን» የሚለው የመንግሥት ቋንቋ ሰዎቹን መብረቅ የመታቸው ያስመስላል። ሆኖም ክስ መመሥረት የድንጋይ ሥራ አይደለም፤ ማስረጃ ሰምቶ መፍረድ ለፍርድ ቤት ነው። ድንጋይ የሚያደርገው ፍርድ ቤቱ ሟቹ የለም ብሎ መዝገቡን እንዳይዘጋ ማድረግ ነው። ቁጥሩና ክሱ በአንድ ድንጋይ ላይ ሲጻፉ፣ ክሱን የማይቀበል ሰው ቁጥሩንም አብሮ ይጥላል፤ አኖሌ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ከመሣሪያው ራሱ ቅርጽ ይሠራ የሚሉም አሉ። ሞዛምቢክ የ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቷን እ.ኤ.አ. በ1992 ከጨረሰች በኋላ፣ በጳጳሱ ዲኒስ ሴንጉላኔ አነሳሽነት ሰዎች ጠመንጃቸውን በማረሻ፣ በብስክሌትና በስፌት መኪና እንዲለውጡ ተደረገ። ቀራፂው ኬስተር ከተሰበሰቡት ጠመንጃዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው «የመሣሪያ ዙፋን» ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ከጠመንጃዎቹ አንዱም አፍሪካ ውስጥ የተሠራ አይደለም። ሥራው ድንቅ ነው። ለአዋሽ ሸለቆ ግን አይሆንም። እዚያ የሰመረው ጦርነቱ ቆሞ፣ ሁለቱም ወገን መሣሪያውን ወድዶ ስላስረከበ ነው። አፋር ላይ ጠመንጃ የወንድ ልብስ ነው፤ ጎረቤቱ ታጥቆ እያለ የአንዱን ክላሽ ሰብስቦ ወንበር መሥራት ጥበብ ሳይሆን ትጥቅ ማስፈታት ተደርጎ ይታያል። ኬላ ላይ ከተወረሰ መሣሪያ የሚሠራ ሐውልት ደግሞ የኬላው ሐውልት ነው።

«ውኃ በሌለበት ከተማ ድንጋይ ምን ያደርጋል» የሚለውን አጭር መልስ ይበቃዋል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በነፃ ተበትኗል፤ የውኃ በጀት የሚነካ ነገር የለውም።

ከባዱ ድንጋዩን ማግኘት አይደለም፤ ቁጥሩን ማግኘት ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሰመራ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ መርማሪዎቹ ከየቦታው ይዘዋቸው የሚመለሱት የሟች ዝርዝሮች በሪፖርት ገጾች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሪፖርቱ በወጣ ሳምንት ፌስቡክ ላይ ይዘዋወርና ይረሳል። ከዚያ ጽሕፈት ቤት እስከ መንገዱ ዳር ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ነው። አንድ ገጽ ይዞ ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብሎ፣ እንደ ዳጉ ስም በስም አጣርቶ፣ ከዚያ ድንጋይ ማንሳት የሚችል ቀራፂ ያስፈልጋል።

በአዋሽ ሰባት የታሰሩት ወጣቶች ግን አብዛኞቹ በሕይወት ተመልሰዋል፤ ከእነሱ መካከል ጥፋታቸው ፌስቡክ ላይ መጻፍ የሆነም ነበሩበት። የሟች ድንጋይ አይገባቸውም። ለእነሱ የቀረው ያ ካናቴራ ነው፤ ምናልባት በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ታጥፎ፣ ምናልባትም መወልወያ ሆኖ አልቆ። በቀይ ሽብር ሙዚየም መስታወት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ የሟቾች ልብሶች ተሰቅለዋል። ከእነሱ ጎን ለአንድ ካናቴራ የሚሆን ቦታ ይገኛል።